የአጥቢያችን የድንጋይ ደወል



በክርስቲያን አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ከሚሰማቸው ድምፆች ሁሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል አዘውትሮ የሚሰማው፥ ነገር ግን እንደ እርሱ ሳያስተውል የሚያልፈው ድምፅ የለም። የእናት ድምፅ በዕድሜ ይደክማል፤ የወንዝ ድምፅ በበጋ ይጠፋል፤ ደወሉ ግን በክረምትም በበጋም ያው ነው። ሰሚው አንድ ጊዜ ሰምቶ ይነሣል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ጋቢውን ወደ ራሱ ስቦ ይተኛል። ይህ ድምፅ ከምን እንደሚወጣ፥ ማን እንዳወጣው፥ ምንስ እንደሚል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በዋግ ኽምራ፥ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ በሚወርደው በአበርገሌ ቆላ ስላለች አንዲት የገጠር አጥቢያ ደወል ከአንባቢው ቤተ ሰብ ጋር ልንነጋገር አስበናል። ያደግነው በዚህ ደወል ድምፅ ነውና የምንናገረው ከመጻሕፍት የተማርነውን ብቻ ሳይሆን በጆሯችን የቀረውንም ነው።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። ደወል የሚለው ቃል የሁሉም መጠሪያ ነው። መረዋ የሚባለው ከብረት ወይም ከነሐስ የተሠራው፥ ድምፁ ጠርቶ ርቆ የሚሄደው ትልቁ ደወል ነው፤ ስለዚህም ድምፁ ያማረ ሰው ስናገኝ «ድምፀ መረዋ» እንለዋለን። ቃጭል ደግሞ በእጅ የሚያዘው ትንሹ ነው፤ ሥጋ ወደሙ ለሕዝብ ሊሰጥ ከመቅደስ ሲወጣ አስቀድሞ የሚሰማው የቃጭል ድምፅ ነው፤ ሕዝቡም ያን ሰምቶ ይሰግዳል። ቋንቋችን ለደወል የሰጠው ስፍራ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭም ይታያል። ስልክ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፥ ሰው ሰውን ከሩቅ ሲጠራ ምን እንበል ተብሎ ሌላ ቃል አልተፈለገም፤ «ደወለ» ተባለ እንጂ። ዛሬ ስልኩን በኪሱ ይዞ የሚዞር ወጣት ሁሉ፥ ልብ አይበለው እንጂ፥ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በተገኘ ቃል ይናገራል።

ሕዝብን በድምፅ ወደ እግዚአብሔር ቤት መጥራት ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ለሊቀ ካህናቱ ለአሮን በተሠራው ልብስ ዘርፍ ዙሪያ የወርቅ ሻኵራዎች እንዲደረጉ ታዝዟል፤ በኦሪት ዘኍልቍም ሙሴ ማኅበሩን የሚጠራባቸውን ሁለት የብር መለከቶች እንዲያሠራ ተነግሮታል። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ አባታችን ኖኅ መርከቡን በሚሠራበት ጊዜ እንጨት እየመታ ሠራተኞቹን ይሰበስብ ነበር የሚል የቆየ ትውፊት አለ። በግሪክና በሌሎችም የምሥራቅ ገዳማት መነኮሳት ረጅም ሳንቃ በመዶሻ እየመቱ ለጸሎት የሚጠሩበት ልማድ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በእኛ አገር ደግሞ ከእንጨቱና ከብረቱ ጋር ድንጋይ ተመረጠ። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት በድንጋይ ደወል ይጠቀሙ እንደ ነበር መስክሯል። እንግዲህ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ለባዕድ ሰው አስደናቂ የነበረው ነገር በእኛ አጥቢያ ዛሬም የዕለት ተዕለት መሣሪያ ነው ማለት ነው።

የድንጋይ ደወል ሲባል ያላየው ሰው ተረት ይመስለው ይሆናል። በጣና ሐይቅ፥ በዘጌ ወደምትገኘው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው ግን ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተንጠልጥለው ያገኛል፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍልም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ እንዲሁ ያለ ይታያል። የምድርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ለዚህ ሥራ ከሚመቹት ድንጋዮች አንዱን «ፎኖላይት» ይሉታል፤ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ «ድምፅ ያለው ድንጋይ» ማለት ነው። ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ የቀዘቀዘ፥ ቅንጣቱ የጠበቀ፥ ስንጥቅ የሌለበት ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል። ውስጡ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን መልኩ የቱንም ያህል ቢያምር ድምፁ እንደ ተሰበረ ገል ነው። ስለዚህ የድንጋይ ደወል የሚመረጠው በዐይን አይደለም፤ በጆሮ ነው።

የአጥቢያችን ደወል ሁለት ድንጋዮች ናቸው፤ አንደኛው ረዘም፥ ሁለተኛው አጠር ይላል። በምዕራብ በኩል ባለው በር አጠገብ፥ በሁለት ባላ ላይ በተጋደመ የወይራ ግንድ በጠፍር ተንጠልጥለዋል። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ፥ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ መምቻው በእጅ የሚጨበጥ ድቡልቡል ድንጋይ ነው። ጠፍሩ የሚታሰረው ከድንጋዩ ጫፍ ላይ አይደለም፤ ከርዝመቱ ሩብ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከየጫፉ ወደ ውስጥ ገባ ተብሎ ነው። ምክንያቱም ድንጋዩ ሲመታ ጫፎቹና መካከሉ ይርገበገባሉ፤ በእነዚያ በሁለቱ ስፍራዎች ግን እንቅስቃሴ የለም ማለት ይቻላልና ማሰሪያው ድምፁን አያፍነውም። ዛሬ ይህ በሂሳብ ተቀምሮ በትምህርት ቤት ይሰጣል። አባቶቻችን ግን ድንጋዩ እስኪናገር ድረስ ጠፍሩን እያንሸራተቱ በትዕግሥት ያገኙት ዕውቀት ነው።

ልጆች ሳለን ደወሉ ሌሊት ከቀን ይልቅ ለምን ርቆ እንደሚሰማ እየጠየቅን እንከራከር ነበር። አንዳንዱ መላእክት ስለሚያግዙት ነው ይላል፤ አንዳንዱ ዓለም ዝም ስለሚል ነው ይላል። ሁለተኛው ከእውነቱ አንድ እጅ አለው። ሌላው ምክንያት ሌሊትና ንጋት ላይ በምድር አጠገብ ያለው አየር ቀዝቅዞ ከበላዩ ያለው ሞቅ ስለሚል፥ ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ምድር መታጠፉ ነው። በቀን ሐሩር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ በቀትር ደወሉን የማይሰማ የሸለቆ መንደር በመንፈቀ ሌሊት ይሰማዋል። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከደወሉ አንድ ኪሎ ሜትር የራቀው ቤት ሦስት ሴኮንድ ያህል ቆይቶ ይሰማል፥ ሁለት ኪሎ ሜትር የራቀው ስድስት ሴኮንድ ያህል ቆይቶ። ጥሪው ለሁሉም በአንድ ቅጽበት አይደርስም፤ የተመታው ግን አንድ ጊዜ ነው። ይህን ስናስብ አጥቢያ ማለት ምን እንደ ሆነ እንረዳለን፤ በመዝገብ የተጻፈ ወሰን ሳይሆን፥ ከአንዲት ምት አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ የሚሰማ ሕዝብ ነው።

አበርገሌ የፍየል አገር ነው፤ በስሙ የሚጠራ የታወቀ የፍየል ዝርያም አለ። እረኛ መንጋው በቁጥቋጦ መካከል እንዳይጠፋበት ከፊት በምትሄደው ፍየል አንገት ላይ ቃጭል ያስራል፤ እርስዋ ስትንቀሳቀስ እረኛው ይሰማል፥ መንጋው ያለበትንም ያውቃል። በሜዳ መንጋው ያቃጭላል፥ እረኛው ይሰማል፤ በቤተ ክርስቲያን ግን እረኛው ይደውላል፥ መንጋው ይሰማል። የአገራችን ልጅ ሁለቱንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለሚያውቅ ትርጓሜውን ማንም ሳያስተምረው ይገባዋል። ቃጭሏ ዝም ያለች ፍየል ወይ ተኝታለች፥ ወይ ጠፍታለች፥ ወይ አውሬ አግኝቷታል። ደወሉ ዝም ያለ አጥቢያስ?

በአበርገሌ ኽምጥኛም ይነገራል፥ አማርኛም ይነገራል፥ ትግርኛም ይነገራል፤ የመቅደሱ ቋንቋ ደግሞ ግእዝ ነው። ባልቴቷ በኽምጥኛ ትጸልያለች፤ ምራቷ በአማርኛ ትመልሳለች፤ ከወዲያ ማዶ ለገበያ የመጣው እንግዳ በትግርኛ ሰላምታ ይሰጣል። ስብከት ለአንዱ ሲገባ ለሌላው ይከብዳል፤ ደወሉ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። ድምፁ ሸለቆውን ሲሻገር ይህ የማን ቀበሌ ነው፥ ይህ የማን ክልል ነው ብሎ አይቆምም። በአንድ ተራራ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሰዎች ስለ ወሰን በሚከራከሩበት ዘመን እንኳ፥ ሌሊት ሌሊት ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ድንጋይ እየሰሙ ነበር ያማተቡት። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ወደ እርሱ ተመልሰን እንመጣለንና።

ደወሉ የሚናገረው ብዙ ነው። በበዓል ሌሊት ለማኅሌት ይደወላል፤ ንጋት ላይ ለኪዳን ጸሎት ይደወላል፤ ከዚያም ለቅዳሴ ይደወላል። በዐቢይ ጾምና በጾመ ፍልሰታ የቅዳሴው ሰዓት ወደ ቀትርና ከዚያም ወዲያ ስለሚዘገይ እናቶች ምድጃቸውን የሚያነዱት ፀሐይን አይተው ብቻ አይደለም፤ ደወሉንም ሰምተው ነው። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ልጆች የፍልሰታን ቅዳሴ ደወል ሰምተው ነጠላቸውን እያጣፉ ሲሮጡ ማየት፥ የአጥቢያው ሽማግሌ ሁሉ የገዛ ልጅነቱን እንደ ማየት ነው። በእኛ አጥቢያ አስከሬን ወደ ቅጽሩ ሲደርስ ረጅሙ ድንጋይ ብቻውን፥ ረጋ ብሎ፥ እየተቋረጠ ይመታል፤ በማሳ ያለው ገበሬ ሞፈሩን አቁሞ «ማን ይሆን?» ሳይል አያልፍም። በአደጋ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም በችኮላ ይመታሉ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሓ አንበጣ በዋግ ኽምራና በአካባቢው ሰብል ላይ በወረደ ጊዜ፥ ሕዝቡ ጅራፍ እያጮኸ፥ ቆርቆሮ እየመታ ወደ ማሽላው የወጣው ይህንኑ የችኮላ ድምፅ ሰምቶ ነበር።

ደወል ዝም በማለቱም ያስተምራል። በጸሎተ ሐሙስ ቅዳሴው በለሆሳስ ይከናወናል፤ በደወል ፈንታም የሚሰማው ጸናጽል ነው። አባቶች ይህን የሚተረጕሙት ይሁዳ ጌታን አሳልፎ የሰጠው በምስጢር እንደ ነበረ ለማሰብ ነው ብለው ነው። በዓመት ውስጥ ያችን ቀን የደወሉ አለመሰማት ከመሰማቱ ይልቅ ልብን ይነካል። ይሁን እንጂ የሥርዐት ዝምታ ሌላ ነው፤ የመከራ ዝምታ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን በየዓመቱ እናውቀው ነበር፤ ሁለተኛውን የተማርነው በቅርቡ ነው።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ አበርገሌ ደረሰ። ብዙው ሕዝብ ቤቱን፥ ከብቱንና ማሳውን ትቶ ወደ ሰቆጣ ሸሸ፤ በከተማው በዘመድ ቤት የተጠጋም አለ፥ በወለህ መጠለያ የሰፈረም አለ። እኛም ከተሰደዱት ጋር ነበርን። በሰቆጣ የመጀመሪያው ሌሊት ደወል ሲሰማ፥ በአንድ ጣሪያ ሥር የተኛነው ሁላችንም ነቃን፥ አማተብንም፤ ነገር ግን ማንም ለመነሣት አልቸኰለም። የማይመስለው ሰው ይኖራል፤ በዚያች ሰዓት ያወቅነው ግን ይህ ነው፦ እግዚአብሔር አንድ ነው፥ ሃይማኖቱም አንድ ነው፥ ደወሉም ለዚያው ቅዳሴ ይጠራል፤ ሆኖም የተሰደደ ሰው ጆሮ የራሱን ደወል ይለያል። ከእኛ ጋር የነበሩ አንዲት እናት «ጥሩ ደወል ነው፤ ግን የሰው ነው» አሉ። የሰቆጣ ካህናትና ምእመናን ነጠላቸውን ዘርግተው፥ እንጀራቸውን ከፍለው ተቀብለውናልና ይህ ቃል ወቀሳ አይደለም። ይህ የናፍቆት ቃል ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ሰው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ቀዬው ተመለሰ። እኛ በደረስን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኗ ቆማ ነበር። ከዓመታት በፊት በምእመናን መዋጮ የተገዛው የብረት መረዋ ግን በስፍራው አልነበረም፤ ማን እንደ ወሰደው አናውቅም፥ ልንፈርድም አንሻም። ሁለቱ ድንጋዮች ግን እንደ ነበሩ ናቸው፤ የአንደኛው ጠፍር ተበጥሶ ከወይራው ግንድ ሥር ሣር ለብሶ ተጋድሟል። ድንጋይን ማን ይሰርቃል? ብረት ይሸጣል፥ ይቀልጣል፥ ወደ ሌላ ይለወጣል፤ ድንጋይ ግን ከመጥራት በቀር ለምንም አይጠቅምምና የሚመኘው የለም። መረዋው በመጣ ጊዜ የተናቀው የድኻ ደወል በመከራ ጊዜ ድኽነቱ አዳነው። የተመለሱት ሰዎች አዲስ ጠፍር አበጅተው ሰቀሉት፤ አንድ ሽማግሌ ድንጋዩን በእጃቸው ደባብሰው፥ ስንጥቅ እንደሌለበት በጥፍራቸው ኳ እያደረጉ አዳመጡት። በማግስቱ ለኪዳን ሲመታ ከሸለቆው ወዲያ ማዶ ካሉት ቤቶች ጢስ ተነሣ። ከዚያ በፊት እዚያ ማን እንደ ተመለሰ አናውቅም ነበር፤ እነርሱም የእኛን መመለስ አያውቁም ነበር። እነዚያ ሰዎች ትናንት ከየት ወገን እንደ ነበሩ የጠየቀ አልነበረም። ወደ እርሱ እንመለሳለን ያልነው ነገር ይህ ነው፤ ጦርነት የዘጋውን መንገድ የማንም መልእክተኛ ሳይደርስ ቀድሞ የከፈተው ደወሉ ነው።

ሰው የጦር ዕቃን እንኳ ወደ ደወልነት ሊለውጥ ይችላል። በሰሜኑ አገራችን በየዘመኑ ከነበሩት ጦርነቶች የቀረ ባዶ የመድፍ ቀለህ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ተሰቅሎ እንደ ደወል ሲያገለግል ይታያል። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ ስለሚሆንበት ዘመን የተናገረውን የሚያስታውስ ሰው ይህን አይቶ ሳይደነቅ አያልፍም። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ለልጆቻችን የምንመኘው ደወል የሚሠሩበት ቀለህ የማያገኙበትን ዘመን ነው።

አሁን የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ሲመክርበት የቆየውን ጉዳይ እንናገር። በጠፋው መረዋ ምትክ ምን ይደረግ? የሚለው ጥያቄ ሲነሣ አንዳንዶቹ፥ ይልቁንም ወጣቶቹ፥ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ይገዛ አሉ። ሌሎቹ ከቀድሞው የሚበልጥ ትልቅ የነሐስ ደወል ይገዛ አሉ። ሁለቱም ለቤተ ክርስቲያን ቀንተው የተናገሩ ስለ ሆነ ቃላቸው ሊናቅ አይገባም። ድምፅ ማጉያ በታላቅ በዓል ሕዝብ በበዛ ጊዜ ስብከቱን ከኋላ ለቆመው ያሰማል። መልካም የነሐስ ደወል ደግሞ፥ ከመዳብ አራት እጅና ከቆርቆሮ አንድ እጅ ገደማ ተቀላቅሎ የሚፈሰው፥ ከድንጋይ ይልቅ ርቆ እንደሚሰማ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በዋግ ኽምራ ዝናቡ ቀርቶ በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ጸንቶ፥ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን የበላበት፥ ፍየሉ የረገፈበት ጊዜ ነበር። ከተራበ ቤት የደወል መዋጮ መጠየቅ ይገባልን?

በዚህ ክርክር መካከል አንድ የተማሩ ካህን የሞስኮን ነገር አነሡ። በሞስኮ ክሬምሊን ውስጥ በዓለም ካሉት ደወሎች በክብደት የሚተካከለው የሌለ አንድ ደወል አለ፤ 200 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ይኸውም 2,000 ኩንታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1735 ተሠርቶ ሳለ ገና ከተሠራበት ጉድጓድ ሳይወጣ እ.ኤ.አ. በ1737 በተነሣ ቃጠሎ ተሰንጥቆ ከጎኑ ትልቅ ስባሪ ወደቀ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ እንደ ደወል አንድ ጊዜ እንኳ ተደውሎ አያውቅም፤ ጎብኚዎች ፎቶግራፍ ያነሡታል እንጂ። ካህኑ ይህን ከተናገሩ በኋላ «የዓለም ትልቁ ደወል አንዲት ባልቴት እንኳ ለኪዳን አላስነሣም፤ የእኛ ድንጋይ ግን ዛሬ ጧት ሁላችሁንም አስነሥቷችኋል» ብለው ተቀመጡ። ጉባኤውም እህሉ እስኪሻል ድረስ ማንም መዋጮ እንዳይጠየቅ፥ የሚሰበሰብ ነገር ቢኖርም አስቀድሞ ለችግረኛ ቤት እንዲውል፥ ደወሉም ድንጋዩ ሆኖ እንዲቆይ ወሰነ።

እኛም ውሳኔውን ደግፈናል፤ የደገፍንበት ምክንያት ግን የገንዘብ ብቻ አይደለም። ድምፅ ማጉያ ብዙ ይናገራል፤ ብዙ የሚናገርን ደግሞ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል፥ ከለመደውም በኋላ አይሰማውም። ደወል ጥቂት ይናገራልና ይሰማል። ደግሞም ድምፅ ማጉያ ቀድሞ በተቀረጸ ድምፅ፥ ሰው በሌለበትም ሊጮኽ ይችላል፤ የድንጋይ ደወል ግን አንድ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ፥ ጨለማውን ተሻግሮ፥ ድንጋይ በእጁ ጨብጦ ካልመታው አይጮኽም። ስለዚህ ደወል በሰማን ቍጥር አንድ ነገር እርግጥ ነው፤ ከእኛ በፊት የተነሣ ሰው አለ። ደወሉ «ተነሡ» ብቻ አይልም፤ «ተነሥቻለሁ፥ ኑ» ይላል። ይህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ታላቅ ነው። ልጆቹን «ጸልዩ» በሚል አባትና ራሱ ቆሞ እየጸለየ «ኑ» በሚል አባት መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው።

የሚያሳስበን እንግዲህ የደወሉ ነገር አይደለም፤ የደዋዩ ነው። ድሮ ደዋዩ የአብነት ተማሪ ወይም ወጣት ዲያቆን ነበር፤ ሰዓቱን የሚያውቀው በዶሮ ጩኸትና በከዋክብት አቀማመጥ ነበር። ዛሬ ስልኩ ይቀሰቅሰዋል፤ ይህ ነውር የለበትም። ነገር ግን በስደቱና በድርቁ ብዙ ወጣት ወደ ከተማ ሄዷል፤ ከተማሪዎቹም ያልተመለሱ አሉ። የድንጋይ ደወል ያለ ልምድ ቢመቱት ይጮኻል፥ ግን አይናገርም። የማኅሌቱን ከኪዳኑ፥ የሐዘኑን ከአደጋው ለይቶ መምታት ከሰው ወደ ሰው፥ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ትምህርት ነው፤ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ድንጋዩን ሌባ አልወሰደውም፤ አመታቱ ግን ተተኪ ካልተገኘለት ያለ ሌባ ይጠፋል። ስለዚህ በአጥቢያችን በአሁኑ ጊዜ ሁለት ታዳጊ ዲያቆናት ከሽማግሌው ደዋይ ጋር በተራ እያደሩ ይማራሉ። ሽማግሌው መጀመሪያ ያስተማሩአቸው አመታቱን አይደለም፤ ከመታ በኋላ ዝም ብሎ መቆምን ነው። «ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ ጠብቁ፤ የገደሉን መልስ ሳትሰሙ ሁለተኛውን አትምቱ» ይሏቸዋል።

ክቡራን ወላጆች ሆይ፤ ይህን የምታነብቡ በከተማም ሆነ በገጠር፥ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ያላችሁ፥ ምናልባት የእናንተ ደወል የነሐስ ነው፤ ምናልባትም በሰው አገር ስለምትኖሩ ከነጭራሹ ደወል አትሰሙ ይሆናል። ደወል ለምትሰሙ የምንለምነው ጥቂት ነገር ነው። ደወሉ ሲሰማ ለልጃችሁ «ይህ የኪዳን ነው፤ ይህ የቅዳሴ ነው» ብላችሁ ንገሩት፤ ዕድሜው ሲፈቅድም ይዛችሁት ሂዱና የሚደውለውን ሰው አሳዩት፥ እጁንም ያስነሣው። ልጅ ደወሉን ከሰው ጋር አያይዞ ካወቀ በኋላ ድምፁን እንደ ተራ ጩኸት አይሰማውም። ደወል ለማትሰሙ ደግሞ፥ በቤት ውስጥ ቀድሞ የሚነሣ አንድ ሰው ይኑር፤ ለእናንተ ደወሉ እርሱ ነው። እኛ በስደት ሳለን በጠባብ ቤት ውስጥ ሌሊት ተነሥታ በቀስታ ዳዊት የምትደግም አንዲት አክስታችን ነበረች፤ ያን ጊዜ ደወላችን እርስዋ እንደ ነበረች ዛሬ እንረዳለን።

የአጥቢያችን ድንጋዮች ከማን ዘመን ጀምሮ እንደ ተሰቀሉ ሽማግሌዎቹም አይናገሩም፤ መምቻው ያረፈበት ስፍራ ግን ብዙ እጅ ስላለፈበት ለስልሶ ጎድጎድ ብሏል። ያ ጎድጓዳ ስፍራ የአጥቢያው መዝገብ ነው፤ ስም አልተጻፈበትም፥ ግን በየሌሊቱ የተነሣ ሰው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ጽፎበታል። የእኛም ትውልድ ድርሻውን ይጽፍበት ዘንድ፥ ከሸለቆው ወዲህና ወዲያ ያለው ሕዝብ በአንድ ድምፅ የሚነሣበት ሰላም ይጸና ዘንድ፥ በስደት ያለውም የገዛ ደወሉን ለመስማት ይበቃ ዘንድ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን። አሜን።